ለሚመጣ ነገር ብቻ የሚባል ቃል

ባለቤቴን ተማሪዎቹ የሚጠሩበት ቅጽል ስም የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። አንክሸስ ይሉታል። ፊት ለፊቱ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ “ቲቸር” ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ብቅ ሲል ግን “አንክሸስ መጣ! አንክሸስ መጣ!” እየተባባሉ ኳሳቸውን ይሰበስባሉ። ስሙን ያወጡለት ራሱ ባስተማራቸው ቃል ስለሆነ ሊቆጣቸው አልቻለም። እንዲያውም እየሳቀ ቤት ገብቶ ነገረኝ።

“ቢያንስ ቃሉን በቦታው አውለውታል” አለ።

እኔ ቃሉን አላውቀውም ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ እዚሁ ጎባ ለትንንሽ ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ እንጂ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ የቃል ፍቺ ቶሎ አይሰጥም። መጀመሪያ ቃሉ የት እንደሚኖር ያሳያል።

“አንድ ገበሬ ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል እንበል። ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ገና አልወረደም። ያን ጊዜ ገበሬው አንክሸስ ነው።”

“ፈራ ማለት ነዋ።”

“አይደለም። የሚፈራ ሰው የሚፈራውን ያየዋል። ጅብ ነው፣ ጎርፍ ነው። ይሄኛው ያላየውን ነው የሚጠብቀው።”

“በረዶው ከወረደስ?”

“ከወረደማ አለቀ። አዘነ እንላለን፣ ተጎዳ እንላለን። አንክሸስ አንልም። ለሚመጣ ነገር ብቻ ነው የሚባለው።”

“አማርኛው ታዲያ ምንድን ነው?”

ብዙ አሰበ። ጭንቀት ትንሽ ይከብዳል፣ አሳብ ደግሞ ይቀላል፣ ስጋት ይሻላል አለ። ቀጥሎ የልጅነቱ ቋንቋ ትዝ አለው። ዲንሾ ተወልዶ በኦሮምኛ ነው ያደገው። “እናቴ ያዶ ትለዋለች” አለኝ። “እሱ ልኩ ነው። እኔን የምትሰድብበት ቃል ነው።”

“እንግዲህ ልጆቹ ልክ ናቸው” አልኩና ሳቅኩበት። ያን ጊዜ ገና አዲስ ሙሽሮች ነበርን፤ ሳቄ ምንም ክፋት አልነበረበትም።

በኋላ ግን የባለቤቴ ስጋት አደከመኝ። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል፤ ሰው ሁሉ የከሰል ማንደጃውን ቤት ውስጥ አስገብቶ ይሞቃል። እኛ ቤት ማንደጃው ውጭ ነው። “የከሰል ጭስ ተኝተን ይጨርሰናል” ይላል። ጋቢ ደራርበን እየተንቀጠቀጥን እንቀመጣለን። ወደ ሮቤ ገበያ ስሄድ የበቅሎዬን የኮርቻ መቀነቻ እኔ አጥብቄ ሳበቃ እሱ መጥቶ እንደገና ያጠብቃል። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ተራራው ያያል፤ ላይ ዘንቦ ከሆነ የቶጎና ወንዝ ይሞላል ብሎ ነው። በሩን ቆልፎ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ተመልሶ ይገፋዋል።

ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሸምገል ያሉ ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን። በሩን ሲገፋ ባዩት ቁጥር ከሱቃቸው ውስጥ ይጮኻሉ።

“መምህር! ዛሬ ሰማዩ በደንብ ታስሯል፣ አይወድቅም ተብሏል፤ ሂድ በሰላም!”

“ማን ነው ያሰረው? እርስዎ ከሆኑ እሰጋለሁ” ይላቸዋል። “የሸጡልኝ ገመድ ትናንት ተበጥሷል።”

“ወላሂ ገመዱ ደህና ነበር! አንተ ሠላሳ ጊዜ እየጎተትክ ስትፈትነው ነው የተበጠሰው።”

መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። እሱም ይስቃል። ሳቁን ጨርሶ ግን በሩን አንድ ጊዜ ይገፋል።

ከሁሉም በላይ የሚሰጋው ለእናቱ ነበር። ዲንሾ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከእህቱ ጋር ይኖራሉ። ወደ ሻሸመኔ የሚወጣ የጭነት መኪና ካገኘ፣ ቅዳሜም ይሁን እሑድ፣ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ደህና ናቸው ብሎ ሊያይ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ እንደሱ አይደሉም፤ ሳቂታ ናቸው። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ፣ ገና ከመኪናው ሳንወርድ፣

“ደግሞ መጣ!” አሉ። “ይሄ ልጅ ከሆዴ ሲወጣም ወደ ኋላው እያየ ነው የወጣው። በሩን ዘግቼው እንደሆነ ሊያረጋግጥ!”

እህቱ የያዘችውን የገብስ ቆሎ ጣል አድርጋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ ቀጥሎ የጣሪያውን ሣር ዞሮ አየ።

እኔ በጊዜ ብዛት ነገር መደበቅ ለመድኩ። ክፉ ነገር አስቤ አይደለም። የእህቱ ልጅ ትኩሳት ይዞት እንደነበር የምነግረው ልጁ ከዳነ በኋላ ነው። የሮቤ መንገድ ላይ መኪና ተገለበጠ ሲባል ከሰማሁ፣ እሱ ጋ ወሬው ሳይደርስ ሌላ ጨዋታ አመጣለሁ። እዚህ አገር ይህ ውሸት አይባልም። ማሳረፍ ነው የሚባለው። ጎበዝ ሆንኩበት። ፊቴ ላይ ምንም አያነብም።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ መክሳት ጀመረ። ምግብ ሰለቸው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ታላቅ ወንድሙም ከሮቤ መጣ። ሮቤ የእህል ነጋዴ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው። ሐኪሙ እንደ አገሩ ወግ በሽተኛውን አልጋ ላይ ትቶ እኛን ወደ ውጭ ጠራን። ጉበቱ እንደሆነ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደታየ፣ የሚደረግለት ብዙ ነገር እንደሌለ ነገረን። ምናልባት ክረምቱን ላይወጣው ይችላል አለ።

ወንድሙ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“አይነገረውም” አለ።

“ጋሼ፣ እሱ እኮ…”

“እሱ ምንም ሳይኖር እንኳ የሚሰጋ ሰው ነው። ይህን ቢሰማ በሽታው ሳይገድለው ስጋቱ ይገድለዋል። ጨጓራ ነው በይው። ቃል ግቢልኝ።”

ቃል ገባሁ። ተገድጄ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልተገደድኩም። ወንድሙ ባይናገረውም እኔው አደርገው ነበር። የጎበዝኩበት ሥራ ነው።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“ምን አለ?” አለኝ።

“ጨጓራ ነው። ቅባትና በርበሬ ተው ብሏል።”

ዓይኔን አየኝ። “እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

በር በእጁ ሳይገፋ የማያምን ሰው፣ መቀነቻ ራሱ ሳያጠብቅ የማያምን ሰው፣ እኔን አመነኝ። ትራሱን አስተካክሎ “ተመስገን” አለና ተኛ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ወራት እንዴት አድርጌ እንደምጽፋቸው አላውቅም። ከተጋባን ወዲህ ከነበሩት ሁሉ ያማሩት እነሱ ነበሩ። ስጋቱ ለቀቀው። ጨጓራ መሆኑን ማወቁ እንደ በዓል ሆነለት፤ የፈራውን ትልቅ ነገር አምልጦ ትንሹን ያገኘ መሰለው። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ከባለሱቁ ጋር ይጨዋወታል። በሩን ሳይቆልፍ የሚተውበት ቀን ነበር። ባለሱቁም ነገሩን ከሰው ሰምተዋል፤ ሁሉም ሰምቷል። ማሾፉን ትተው ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። የንስሐ አባቱ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ያለፉ መስለው ብቅ ይሉና ጠበል ይረጩታል። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔም ያን መረጋጋቱን ወደድኩለት። ምናለ ድሮም እንዲህ ቢሆን አልኩ። አልኩ፣ በልቤ ብቻ ቢሆንም ብያለሁ።

ሰኔ ላይ እናቱን አነሣሁበት። እየደከመ ሲሄድ እያየሁ ስለነበር ነው።

“ዲንሾ ደርሰህ አትመጣም? እኔም አብሬህ ልሂድ።”

“በዚህ ጭቃ?” አለ። “መስከረም ሲጠባ እሄዳለሁ። ያኔ ወፈር ብዬ ታየኛለች። አሁን እንዲህ ከስቼ ካየችኝ ማሾፊያ ታደርገኛለች።” ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ “ምን ያጣድፈናል?” አለኝ።

ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ምን ያጣድፈናል። ድሮ ቢሆን፣ ምንም ሳይነገረው፣ አንድ ሕልም ብቻ አይቶ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ይጠብቅ ነበር። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ፀሐይ መትቶት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ልጅ ተረጋግቷል። “እውነትህን ነው፣ መስከረም ይሻላል” አልኩት።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ሞተ። ጎባ ቀበርነው።

ገና ከቀብር ስንመለስ ወንድሙ ዘመዶቹን ሰብስቦ ሁለተኛውን ነገር ተናገረ። “እናታችን አትሰማም። ልቧ ደካማ ነው፣ ክረምትም ነው። መስከረም ይጥባ፣ በሽማግሌ ይነገራታል።” ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። እናቱ ስለሱ ከጠየቁ፣ ልጃቸው ለሥልጠና አዲስ አበባ ተልኳል እንዲባል ተስማማን።

ለቅሶተኛው ሲበተን፣ አንድ ምሽት በጣም በረደኝና የከሰል ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ቤቱ ሞቀ። ጋቢዬን አወለቅኩ። እንዲያ ተመችቶኝ መቀመጤን ሳውቅ ደነገጥኩ። ተነሥቼ ማንደጃውን ወደ ውጭ አወጣሁ፤ በሩን ቆለፍኩ፤ ተመልሼም ገፋሁት። እስከ ዛሬ ውጭ ነው የሚነደው።

መስከረም ጠባ። ወንድሙ “እህል ይሰብሰብ” አለ። አርባውን እናቱ ሳይሰሙ አወጣን። ጥቅምት አለፈ።

ኅዳር ላይ እህቱን ሮቤ ገበያ አገኘኋት። ከጎባ ለቅሶ ስትመለስ ሁልጊዜ የምታደርገውን ነገረችኝ፤ ዲንሾ ስትደርስ መንደሩ ዳር ካለች ጎረቤት ቤት ገብታ ጥቁሯን ታወልቅና ነጩን ለብሳ እናቷ ዘንድ ትገባለች። ለወንድሟ የተላጨችውን ራሷን ሻሽ ታስርበታለች። አንድ ቀን ሻሹ ተንሸራቶ እናቷ አዩባት። ለምን ተላጨሽ ሲሏት ቅማል አስቸገረኝ አለች።

“አመኑሽ?” አልኳት።

“አመነችኝ። ቅማሉን ልፈልግልሽ አለችኝ።” ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። “እንደሱ ሆናለች እኮ። እሱ ላይ ታሾፍ የነበረችው አዮ፣ እናታችን፣ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ከመደቧ ትነሣለች። በሩን ከፍታ መንገዱን ታያለች። እህል አትቀምስም። አዲስ አበባ መኪና ይገጫል ይባላል አይደል ትለኛለች። ብርዱ እንዴት ነው ትለኛለች። ልብስ ይዞ ሄዷል ወይ ትለኛለች። ያዶ፣ ያዶ፣ ቀኑን ሙሉ ያዶ ነው።”

እዚያው የገብስ ጆንያ መሃል ቆሜ፣ ባለቤቴ ቃሉን ሲያስተምረኝ የነበረው ድምፁ መጣብኝ። ለሚመጣ ነገር ብቻ ነው የሚባለው። እኛ ግን አንዲትን አሮጊት ላለቀ ነገር እያሰጋናት ነው። በረዶው ወርዶ፣ ገብሱ ወድቆ፣ እሳቸው ገና ሰማዩን ያያሉ። ባለቤቴን መስጋት የሚገባውን ነገር ከለከልኩት። በእናቱ ላይ ደግሞ መስጋት የማይገባቸውን ጫንኩባቸው። ሁለቱንም ያደረግኩት አሳርፋለሁ ብዬ ነው።

ከገበያው ወደ ወንድሙ መጋዘን ሄድኩ። ስንዴ ያስመዝናል።

“ጋሼ፣ ለእናትዎ ይነገራቸው።”

“አውድማው ይለቅ።”

“መስከረም አሉ፣ አለፈ።”

“ብትሞትብኝስ?” አለ፤ ሚዛኑን ለቀቀው። “እናቴ ናት። ሰምታ ክው ብትልስ? ማን ሊጠየቅ ነው?”

“እንዲያም ሊሆን ይችላል” አልኩት። “አሁንም ግን በሕይወት አሉ አይባልም። እህል አይቀምሱም።”

“አንቺ ደግሞ የሱን በሽታ ወረስሽ እንዴ? ከመቼ ወዲህ ነው ስጋት የጀመረሽ?”

“ለሱ ዝም አልኩ፣ ጋሼ። መስከረም እሄዳለሁ ሲለኝ እሺ አልኩት። አሁን ለእናቱ ዝም ልል አልችልም።”

ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “መርዶ ያለ ሽማግሌ አይነገርም። ደግሞ በማለዳ ነው የሚነገረው። ወግ አለው።”

“እንግዲያው ሽማግሌ ይያዙ። እኔ ነገ በማገኘው መኪና እሄዳለሁ።”

ወደ ሚዛኑ ዞረ። በቤተሰቡ ውስጥ ቃሉን ጥሼ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቱ እፊቴ ቢወድቁ ማንም ይቅር እንደማይለኝ አውቄዋለሁ። እኔም ራሴን።

በማግስቱ ዲንሾ ስደርስ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ከጭነት መኪናው ስወርድ እህቱ መምጣቴን ጠርጥራ ኖሮ፣ ነጭ ነጠላ በክንዷ አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች።

“ቶሎ ነይ፣ እዚህ ግቢ፣ ጥቁሩን አውልቂ!”

“ተይኝ። እንዲህ ነው የምገባው።”

“ትገድያታለሽ!” ነጠላውን ትከሻዬ ላይ ልትጥል ስትታገል፣ ቀና ብዬ ሳይ እናቱ በራፋቸው ላይ ቆመዋል። መኪናውን ሰምተው ነው የተነሡት። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ከመኪናው የሚወርደውን ሰው ይቆጥራሉ።

ወደ እሳቸው ሄድኩ። እንደ ሌላው ጊዜ “አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ” አላሉኝም። ከቀሚሴ ጠርዝ ጀምረው እስከ ራሴ ድረስ ቀስ ብለው አዩኝ።

“ኢንታላ ኮ” አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። “ለማን ነው የለበስሽው?”

“ለሱ ነው፣ አዮ። ለልጅዎ።”

“መቼ?”

“ነሐሴ ላይ።”

“ነሐሴ” አሉ፤ ወሩን እንደማያውቁት ነገር። ከዚያ ወደ መንገዱ አዩ፤ መኪናው አቧራውን ትቶ ሄዷል። “ታዲያ እኔ ማንን ነው ስጠብቅ የከረምኩት?”

ጉልበታቸውን ያዝኩ። እሳቸው ጮኹ። ጩኸቱን የሰማ መንደር በሙሉ መጣ፤ ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው ነው የመጡት። እያንዳንዳቸው ጥቁራቸውን ሣጥን ውስጥ አጥፈው አስቀምጠው ይህን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል። ወንድሙ ከሽማግሌዎቹ ጋር ኋላ ላይ በፈረስ ደረሰ። ሊናገር ያዘጋጀውን ንግግር ሳይናገር፣ ከፈረሱ ወርዶ እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። እሳቸው አልሞቱም። ማታ ጥቂት የገብስ አጥሚት ቀመሱ።

ሰው ቀለል ሲል፣ እኔና እሳቸው ብቻችንን ደጅ ተቀምጠን፣ ጠየቁኝ።

“እንደሚሞት ያውቅ ነበር?”

“አያውቅም። ደብቀነው ነበር። ጨጓራ ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።”

“አልሰጋም?”

“አልሰጋም። ይስቅ ነበር። መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ ብሎ ነበር።”

የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ያፍተለትሉ ነበር።

“ቢያውቅ ጭቃ አያቆመውም ነበር” አሉ። “በእግሩም ቢሆን ይመጣ ነበር።”

“አዎ፣ ይመጣ ነበር።”

“ለኔ ያደረግሽውን ለሱ ብታደርጊለት ጥሩ ነበር።”

ይህን ያሉት በቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ይቅርታም አልጠየቅኳቸውም፤ ይቅር ብዬሻለሁ ብለው እኔን ደግሞ እንዳያሳርፉኝ ፈርቼ ነው። ትከሻቸውን ወደ ትከሻዬ አስጠግተው ተቀመጡ።

በሮቤ በኩል የጭነት መኪና ድምፅ መጣ። ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ከሩቅ ይሰማል። እህቱ ከጓዳ ብቅ አለች። እኔም ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ግማሽ ድረስ ተነሣሁ። መኪናው በፊታችን አለፈ፤ አቧራው እስኪረግብ ድረስ እኔና እህቱ መንገዱን አየን። እናቱ ግን ቀና አላሉም።